«በዓይነ ቁራኛ»፦ ከባለዕዳ ሰንሰለት የመጣ አነጋገር

«በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ሲባል ትርጉሙ የሚጠፋው ሰው የለም፤ ዓይንህን አትንቀልበት ማለት ነው። ሕመም የጣለውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን፣ ጭንቀት አልለቅ ያለውንም «የሐሳብ ቁራኛ»። ቁራኛው ራሱ ማን እንደነበር ግን ብዙም አይነሣም።

ቁራኛ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው። በቀድሞው የአገራችን ዳኝነት ዕዳውን ያልከፈለና ዋስ ያላቀረበ ሰው ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ ይቆራኝ ነበር። ቀለል ባለ ክርክር ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ይህን አይተው ጽፈዋል። በ20ኛው መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የተነሡ ፎቶግራፎችም አሉ፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ በመካከላቸው ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱ የቱ አበዳሪ፣ የቱ ተበዳሪ እንደሆነ አይናገርም።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ወኅኒ ቤት በየቦታው በሌለበት ዘመን ባለዕዳ እንዳይሰወር የሚጠብቀው ራሱ ባለገንዘቡ ነው። ባለዕዳው በሄደበት ሁሉ ዕዳውን በእጁ ይዞ ስለሚዞር ዘመድ አይቶ ያፍራል፤ አዋጥቶ ይከፍላል ወይም ዋስ ይሆናል፣ ሰንሰለቱም ይፈታል። እስከዚያ ድረስ ግን አበዳሪውም ታሳሪ ነው። ገበያ መውጣት ቢፈልግ ያንን ሰው አስከትሎ ነው፤ ሲተኛም ከጎኑ ነው። ገንዘቡን ለማስመለስ የራሱን ቀን ይከፍላል ማለት ነው። እኔ የአነጋገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ብረቱ ቀርቶ ዓይን ሰንሰለት ሆኗል፣ ሰንሰለት ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው።

ጓደኛው ተበድሮ የጠፋበትን ሰው ያየ ይህን ያውቀዋል። መጀመሪያ «ደሞዝ ሲወጣ» ይባላል፣ ቀጥሎ ስልክ አይነሣም፣ በመጨረሻ የቴሌግራም ፎቶው ይጠፋል። አበዳሪው በሌላ ሰው ስልክ ገብቶ ያያል፦ ፎቶው አለ፣ እንዲያውም አዲስ ነው፣ አዲስ ጫማ አድርጓል። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ሌሊት ገጹን መክፈት ይመጣል። የድሮውን ቁራኛ ያሰረውም የፈታውም ዳኛ ነበር፤ ይህን የዓይን ሰንሰለት ግን የሚፈታ ሦስተኛ ሰው የለም። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው መፈለግ ግድ ነው።

ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሣው «ብድር በምድር» የሚለውን ነው። ለማጽናኛ ይሆናል፤ ገንዘብ ለማስመለስ ግን አይረዳም። ብድር ውለታም ነው፣ ቂምም ነው፤ «ብድሬን እመልሳለሁ» ብሎ የጓደኛውን ፎቶ «ሌባ» ከሚል ጽሑፍ ጋር የለጠፈ ሰው በስም ማጥፋት ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

የሚሻለው መጀመሪያ አጭር መልእክት መጻፍ ነው፣ ያለ ስድብ፦ «ሰላም ነህ? በየካቲት ያበደርኩህን 20,000 ብር በተመለከተ ነው። አንድ ላይ ካልተመቸህ በየወሩ ከፋፍለህ መክፈል ትችላለህ። መቼ እንደምትጀምር ንገረኝ።» ብዙ ሰው የሚጠፋው ክፋት ይዞት ሳይሆን አፍሮ ነው፤ የሚወጣበት በር ሲያይ ይመለሳል። ሌላም ጥቅም አለው። «እሺ፣ ትንሽ ታገሰኝ» ብሎ ከመለሰ መበደሩን በጽሑፍ አመነ ማለት ነው። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ገንዘቡ መድረሱን ያሳያል እንጂ ብድር መሆኑን አያሳይም፣ «ስጦታ ነው» ወይም «የነበረበትን ከፈለኝ» ሊባል ይችላል።

መልእክቱ ካልሠራ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌ ሲመረጥ አበዳሪው የሚቀርበውን ሳይሆን ባለዕዳው ፊቱን የሚያፍረውን ሰው ነው መያዝ። የተስማሙበትም እዚያው በምስክር ፊት ተጽፎ ይፈረም፤ በቡና ላይ የተባለ ነገር በሳምንቱ ሌላ ወሬ ይሆናል።

ፍርድ ቤት የሚደርስ ካለ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት አይቻልም ይላል። ዛሬ 500 ብር ምን ያህል እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ማለት በጓደኛሞች መካከል ያለው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል። «ሲቀበለኝ እገሌ አይቷል» ብቻውን አይበቃም። በስልክ የተላከ ጽሑፍን በተመለከተ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ ስለዚህ ንግግሩን በንዴት ማጥፋት የራስን ማስረጃ መጣል ነው። አድራሻው የጠፋ ተከሳሽ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ በጋዜጣ ይጠራል። ክስ ለመክፈት የዳኝነት ገንዘብ ስለሚከፈል፣ ብሩ ትንሽ ከሆነ አስቦ መተውም አንድ ውሳኔ ነው። ከተተወ ግን ገጹን ማየቱም አብሮ ይተው።

መጠበቅ የመረጠ ሰው ይርጋን፣ ማለትም ክስ የማቅረብ መብት የሚያልፍበትን ጊዜ፣ ይወቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት የውል ክስ የሚቀርበው በ10 ዓመት ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረውም ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ወይም ከዕዳው ላይ ጥቂት እንኳ ከከፈለ ቆጠራው ተቋርጦ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ስለዚህ 300 ብር እንኳ ቢልክ «ምን ያደርግልኛል» ብሎ አለመመለስ ነው።