ሙሴ አላወቀም ነበር

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። የእኛው ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ናቸው። እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። የሚኖሩት ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው። ግቢው ውስጥ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አለ፤ ጴንጤ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቀን እንጀራ ልገዛ ስሄድ ከበራቸው ጀርባ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠሉ ቁልፎች አየሁ።

«የማን ናቸው?» አልኳቸው።

«የጎረቤት ነው። ሲወጡ እኔ ጋ ያስቀምጣሉ።»

«ለምን እርስዎ ጋ?»

«እኔ ከቤት ስለማልወጣ ነዋ!»

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ግቢው ውስጥ ከቤት የማይወጣ ሌላም ሰው አለ። ለእሱ ቁልፍ የሚሰጥ የለም። እሳቸው ይህን ልብ አላሉትም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ዘጸአት 34 ትዝ አለኝ። ሙሴ 40 ቀንና 40 ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምስ በሲና ተራራ ላይ ከእግዚአብሔር ጋር ቆየ። ሲወርድ ሁለቱ ጽላቶች በእጁ ነበሩ። ፊቱ ያንጸባርቅ ነበር። አሮንና ሕዝቡ አይተውት ለመቅረብ ፈሩ። መጽሐፉ ግን ሙሴ የፊቱ ቁርበት እንዳንጸባረቀ «አላወቀም ነበር» ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ያየውን እሱ አላየም።

ግን ሙሴ እዚያ ተራራ ላይ ምን ነበር ያየው? ወደ ኋላ አንድ ምዕራፍ እንመለስ። «እባክህ ክብርህን አሳየኝ» ብሎ ለምኖ ነበር። እኛ ብንሆን እሳት፣ መብረቅ፣ የምድር መናወጥ እንጠብቃለን። እግዚአብሔር የመለሰለት ግን «መልካምነቴን ሁሉ በፊትህ አሳልፋለሁ» ብሎ ነው። ክብር ተጠየቀ፤ መልካምነት መለሰ። በፊቱ ሲያልፍም ስሙን ራሱ አወጀ፦ መሓሪ፣ ሞገስ ያለው፣ ታጋሽ፣ ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት። ኃጢአተኛውን ግን ንጹሕ ነህ እንደማይልም ነገረው። የሙሴ ፊት የበራው ይህን ሰምቶ፣ ተደፍቶ ሰግዶ ሲመለስ ነው።

ዕብራውያን ክብርን «ካቦድ» ይሉታል። ሥሩ መክበድ ነው፤ እኛም ከበደ፣ ክብደት የምንለው ከዚያው ሥር ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው ፊት የተዋረደ ሰው «ቀለልኩ» ይላል። ቃሉ የሚታመነውን ደግሞ «ክብደት ያለው ሰው ነው» እንላለን። ሰው ቁልፉን የሚሰጠው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

ይህ ክብር የመገናኛውን ድንኳን ሲሞላ ሙሴ እንኳ መግባት አልቻለም። የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ሲሞላ ካህናቱ ቆመው ማገልገል አቃታቸው። በኋላ ሕዝቡ ቤቱን በጣዖት ሲያረክሱት፣ ሕዝቅኤል ክብሩ ከመቅደሱ ደጃፍ ተነሥቶ በከተማይቱ ምሥራቅ ወዳለው ተራራ ሲሄድ አየ። ያ ምዕራፍ ሲነበብ ልብ ያደማል። ከዚያ ዮሐንስ መጥቶ ቃል ሥጋ ሆነ፣ በእኛም አደረ፣ ክብሩንም አየን አለ።

ጳውሎስ ደግሞ በእስራት ሆኖ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ከዘመናት ጀምሮ ተሰውሮ የነበረውን ምሥጢር ገለጠው፦ የክብር ተስፋ ያለው ክርስቶስ በእናንተ ዘንድ ነው። ካህናትን ቆመው እንዳያገለግሉ ያደረገው ክብር ዛሬ በኪራይ ቤት፣ ምጣድ ዳር በምትቀመጥ አማኝ ውስጥ ያድራል። ወገኖቼ፣ ይህን ቶሎ ብለን አንለፈው።

እኔ ቶሎ አልፌው አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጉባኤ ስመለስ ነው። «ክብርህን አሳየን» እያልን ስንዘምር አድረን ድምፄ ተዘግቷል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ አጎደለብኝ። ብሩ ትንሽ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ቃል ግን ትንሽ አልነበረም። ልጁ 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ምንም አልመለሰልኝም፤ ዝም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ደግሞ ጭኔ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አየ። ያን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ክብሩን ስለምን አድሬአለሁ። ጌታ መልካምነቱን በዚያ ልጅ ፊት በእኔ በኩል ሊያሳልፍ ነበር፤ መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በጉባኤ የሚሆነውን እያቃለልኩ አይደለም። መገኘቱን በዚያም ቀምሻለሁ፣ እንባዬም እውነተኛ ነበር። ከነገ ጀምሮ ጥርሳችንን ነክሰን ጥሩ ሰው እንሁን እያልኩም አይደለም። እሱ ሦስት ቀን አይዘልቅም። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 3 የሚለው ሌላ ነው፦ በማይከደን ፊት የጌታን ክብር እንደ መስተዋት እያብለጨለጭን ያንኑ መልክ ልንመስል ከክብር ወደ ክብር እንለወጣለን። መስተዋት ከራሱ ብርሃን የለውም። ሥራው ወደ ብርሃኑ ዞሮ መቆም ብቻ ነው። የሚለውጠን መንፈሱ ነው።

እስጢፋኖስን እዩት። በሸንጎ የተከሰሰው ሙሴን ተሳድቧል ተብሎ ነው። ሸንጎው ትኩር ብሎ ሲያየው ግን ፊቱ እንደ መልአክ ፊት ሆኖ ታያቸው። ሙሴን ሰደበ የተባለው ሰው እንደ ሙሴ ፊቱ በራ! ወደ ሰማይ ተመለከተ፣ የእግዚአብሔርን ክብርና ኢየሱስን በቀኙ ቆሞ አየ። ከዚያ ድንጋይ እየዘነበበት ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» አለ። መሓሪ፣ ታጋሽ፣ ባለ ብዙ ቸርነት፤ በሲና የታወጀው ስም በአንድ ሰው አንደበት ወጣ። ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን ያስቀመጡት በአንድ ጎልማሳ እግር አጠገብ ነበር። ስሙ ሳውል ነው፤ ኋላ ጳውሎስ የተባለው። በክርስቶስ ፊት ስለሚያበራው ክብር ኋላ ላይ የጻፈልን እሱ ነው።

ይህን የሚያነብ ደካማ ወገን ካለ፣ «እኔማ ስንጥቅጥቅ ያልኩ ነኝ፣ ምኔ ይበራል?» የሚል ካለ፣ ጳውሎስ ስለ ሸክላ ዕቃ የተናገረው ለእርሶ ነው። መዝገቡ፣ ማለትም የክብሩ ሀብት፣ በወርቅ ሣጥን አልተቀመጠም። ሸክላ ውስጥ የገባው ኃይሉ የእግዚአብሔር እንጂ የእኛ እንዳይመስል ነው። መሰንጠቅዎን ደብቀው አይጨርሱትም፤ አይደብቁት። በመሳፍንት መጽሐፍ የጌዴዎን 300 ሰዎች ችቧቸውን በማሰሮ ውስጥ ይዘው ነበር፤ ብርሃኑ የታየው ማሰሮው ሲሰበር ነው።

እነዚያን እናት በቀደም ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ ፈልጌ ነው። ምጣዱ እስኪግል ወንጌል ያነባሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ቀስ ብለው ነው፤ አንዳንድ ቀን አራት ቁጥር፣ አንዳንድ ቀን ሁለት። «ጌታን አየዋለሁ፣ ከዚያ ሊጡን አሰፋለሁ» አሉኝ። እያወራን ሳለ አንዲት አዲስ ተከራይ በሩ ላይ ቆመች። ልጇን አዝላለች። «እማማ፣ ይቅርታ፣ ቁልፌን እርስዎ ጋ ባስቀምጥ ይከብድዎታል?» አለች። እጃቸው ሊጥ ስለነበር በአገጫቸው ምስማሩን አሳዩዋት።