በኔቫዳ ለኃይል ቆጣቢ ሕንፃ የሚሰጠው የንብረት ግብር ቅናሽ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሆቴሎች የኛ ሰዎች በደንብ ያውቋቸዋል፤ ታክሲ የሚነዳውም፣ እዚያው ውስጥ የሚሠራውም ብዙ ነው። ከሆቴሎቹ አንዳንዶቹ ግን ለዓመታት የንብረት ግብራቸውን በቅናሽ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ሕንፃቸው ኃይል ቆጣቢ ነው ተብሎ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የኔቫዳ ግዛት ባወጣው ሕግ፣ በ«ሊድ» መመዘኛ ሲልቨርና ከዚያ በላይ ደረጃ ያገኘ ሕንፃ እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ለ10 ዓመት ተፈቀደለት። ሊድ ማለት ውሃው፣ መብራቱ፣ የግንባታ ዕቃው፣ አየሩ ሁሉ ነጥብ የሚሰጥበት የምስክር ወረቀት ነው።

ያኔ ከተማው ግንባታ በግንባታ ነበር። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰባቸው ፕሮጀክቶች ሰልፍ ያዙ፣ ቅናሹ ሲሰላ ደግሞ የትምህርት ቤቶችን ገንዘብ ጭምር የሚነካ ሆነ። ሕግ አውጪዎቹ በ2007 ደንግጠው አጠበቡት። ከዚያ ወዲህ ሲልቨር 25፣ ጎልድ 30፣ ፕላቲነም 35 በመቶ ያስቀንሳል፤ ጊዜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ለትምህርት የሚሰበሰበው ግብር አይነካም። ደረጃው ብቻውንም አይበቃም፣ በኃይል ቁጠባ በኩል የተወሰነ ነጥብ መገኘት አለበት። ለኔ ትልቁ ማሻሻያ ይሄ ነው፤ አለዚያ ባለሀብቱ ቀላል ቀላሉን ነጥብ ለቃቅሞ መብራቱን እንደ ድሮው መፍጀት ይችላል።

ቁጠባው በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ በ2009 የተከፈተው ሲቲሴንተር የሚባለው የሆቴሎች ግቢ ውስጥ ወዳለው አሪያ ሆቴልና ካዚኖ ይግባ። የቁማር ማሽኖቹ የቆሙበት መደብ ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ያወጣል። ያንን ሁሉ አዳራሽ እስከ ጣሪያው ከማቀዝቀዝ ሰው የተቀመጠበትን ቦታ ያቀዘቅዛል፣ ሙቁ አየርና የሲጋራው ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል። ግቢው 8.5 ሜጋዋት የሚያመነጭ የራሱ የጋዝ ጣቢያ አለው፤ ከጣቢያው የሚወጣው ሙቀትም አይባክንም፣ ውሃ ይሞቅበታል።

ተራው የመኖሪያ ቤት ግን ከዚህ ቅናሽ ውጪ ነው፤ በዚያ በረሃ ሙቀት መስኮቱንና ኤሲውን በደህና ለቀየረ ሰው ትርፉ የመብራት ሂሳቡ መቀነሱ ነው። ይሄ ቅር ያሰኛል። ለቤት ባለቤት ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ራሱ የሚኖርበት ቤት ግብር በዓመት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይጨምር የሚያግድ ጣሪያ። ቤት የገዛችሁ፣ ከካውንቲው የሚላከውን ፎርም ሞልታችሁ መልሱ፤ ካልመለሳችሁ ጭማሪው እስከ 8 በመቶ ሊደርስ ይችላል።