ኤግዚኪዩቲቭ ኦርደር ምንድን ነው? ፕሬዚዳንቱ ስለፈረሙ ብቻ ሕግ ሆነ ማለት ነው?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በወፍራም ብዕር ፈርመው ወረቀቱን ለካሜራ ከፍ አድርገው ሲያሳዩ ሁላችንም አይተናል። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ይጮሃል። «አዲስ ሕግ ወጣ አሉ፣ እውነት ነው?» ዲቪ የደረሰው ይጨነቃል። አሜሪካ ሆና ወረቀቷ ገና ያላለቀላት ነፍሰ ጡር ትጨነቃለች። አገር ቤት በአሜሪካ እርዳታ በሚሠራ ፕሮጀክት የተቀጠረውም ይጨነቃል። ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። ግን «ሕግ ወጣ» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ ብዙ ነገር ያቀላል።

ኤግዚኪዩቲቭ ኦርደር፣ ወይም በዜና እንደምንሰማው «ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ»፣ ፕሬዚዳንቱ በሥራቸው ላሉት የፌደራል መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት የጽሑፍ ትዕዛዝ ነው። «ይህን ሥሩ፣ ያንን አቁሙ፣ ይህን ሕግ በዚህ መልኩ አስፈጽሙ» ይላል። ቁጥር ይሰጠዋል፣ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይታተማል። የአሜሪካ ፓርላማ የሆነው ኮንግረስ ድምፅ አይሰጥበትም። በአንድ ቀን መውጣት የሚችለው ለዚህ ነው። በአንድ ቀን መሻር የሚችለውም ለዚሁ ነው።

እኛን የሚያደናግረን አንድ ቃል አለ፤ «አዋጅ»። በኢትዮጵያ አዋጅ ማለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ነው። ከሱ በታች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አለ። ከደንብ በታች ደግሞ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ይመጣል። ደንብ አዋጅን አይሽርም። እና «ትራምፕ አዋጅ አወጡ» ሲባል ጆሯችን ፓርላማ ያጸደቀው ነገር ይመስለዋል። የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ግን በእኛ ሚዛን ለደንብና ለመመሪያ ነው የሚቀርበው። ኮንግረስ ካወጣው ሕግ በታች ነው፣ ከሕገ መንግሥቱም በታች ነው።

ታዲያ ፕሬዚዳንቱ ይህን ሥልጣን ከየት አመጡት? እኔ ማንኛውም ትዕዛዝ ሲወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «ኤግዚኪዩቲቭ ኦርደር» የሚባል ነገር በስም አያነሳም። አንቀጽ 2 የአስፈጻሚነቱን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል፤ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውን እንዲከታተሉም ያዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕዛዝ መቆሚያ ያስፈልገዋል። ወይ ሕገ መንግሥቱ፣ ወይ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ። መልሱ ብዙ ጊዜ የሰነዱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እኛን የሚመለከት አንዱን እንይ። ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ሴፕቴምበር 17፣ 2021 ቁጥር 14046 ትዕዛዝ ፈረሙ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መግቢያው ላይ ሕጎች ተደርድረዋል። የ1977ቱ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ አለ፣ የ1976ቱ የብሔራዊ አስቸኳይ ጊዜ ሕግ አለ፣ የኢሚግሬሽን ሕጉም አለ። ሁሉም ኮንግረስ ያወጣቸው ናቸው። ባይደን በተዋሱት ሥልጣን ነው የፈረሙት ማለት ነው። ትዕዛዙ በወጣበት ቀን ማንም በስም አልተቀጣም። በሩን ከፈተ፤ የገንዘብ ሚኒስቴሩ በኖቬምበር የኤርትራን መከላከያ ሠራዊትና ገዢውን ፓርቲ ሕግደፍን በስም ዘርዝሮ ማዕቀብ ጣለ። የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታም በየዓመቱ ካልታደሰ ያበቃል። ያኔ በዲያስፖራው መካከል ስንቱ ክርክር ተነሳ! ሰነዱን ከፍቶ ያነበበው ግን ጥቂት ነበር።

መቆሚያ ሲታጣ ምን እንደሚሆን የታየው በ1952 ነው። የኮርያ ጦርነት እየተካሄደ ነው። የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን «ብረት ከሌለ ጦሩ በምን ይዋጋል?» በሚል ሐሳብ የንግድ ሚኒስትራቸው ፋብሪካዎቹን እንዲረከብ አዘዙ። ባለቤቶቹ ከሰሱ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ትዕዛዙን ጣለው። ኮንግረስ እንዲህ ዓይነት ሥልጣን አልሰጣቸውም ነበር። እንዲያውም ከአምስት ዓመት በፊት ሐሳቡ ቀርቦለት ሳይቀበለው ቀርቷል። ትሩማን ፋብሪካዎቹን መለሱ።

በዚያ መዝገብ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን የጻፉት ሐሳብ ዛሬም መለኪያ ነው። ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ ፈቅዶላቸው ሲሠሩ ሥልጣናቸው ከምንጊዜውም የጠነከረ ነው። ኮንግረስ ዝም ካለ ነገሩ ድንግዝግዝ ነው። የኮንግረስን ፈቃድ ተቃርነው ሲሄዱ ግን ሥልጣናቸው በጣም ይሳሳል።

ገንዘቡም አለ። የመንግሥትን በጀት የሚፈቅደው ኮንግረስ እንጂ ፕሬዚዳንቱ አይደሉም። ለዚህ ነው የብዙ ትዕዛዞች መጨረሻ ላይ «በጀት እስካለ ድረስ» የሚል ሐረግ የሚገኘው።

አሁን ወደ ነፍሰ ጡሯ እንመለስ። ትራምፕ ጃንዋሪ 20፣ 2025 በፈረሙት ትዕዛዝ፣ እናትየው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ከሆነች፣ አባትየውም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ፣ አሜሪካ የሚወለደው ልጅ ዜግነት እንዳይሰጠው አሉ። ይህ ከ1868ቱ የሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ጋር ይጋጫል ተብሎ ወዲያው ክስ ተመሠረተ። በሦስተኛው ቀን ሲያትል ያለ ዳኛ አገደው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። በመንገዱ ላይ፣ በጁን 2025፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመላው አገር የሚሠራ እገዳ የመስጠት ሥልጣኑን አጥብቦታል። ከዚያ ወዲህ ማን ከሰሰ፣ በማን ስም ከሰሰ የሚለው ከበፊቱ የበለጠ ወሳኝ ሆኗል።

ትዕዛዝን የሚሽረው ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ቀጣዩ ፕሬዚዳንትም በፊርማ ይሽረዋል። ትራምፕ በዚያው በመጀመሪያ ቀናቸው የባይደንን 78 ትዕዛዞችና ማስታወሻዎች ሰርዘዋል። የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ያዘዙትም ያን ዕለት ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር። «ፍርድ ቤት ያስቆመዋል» ማለት «ጉዳት አይደርስም» ማለት አይደለም። የ2020 ዲቪ የደረሳቸው ይህን ያውቁታል። በኤፕሪል 2020 አዲስ ስደተኞች እንዳይገቡ የሚል የትራምፕ ክልከላ መጣ። አንድ ዳኛ ጉዳያቸው እንዲታይ ያዘዘው በሴፕቴምበር ነው፤ የዲቪ ቪዛ ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ላይ ያበቃል። ቀኑ ጥሎት የሄደው ሰው ብዙ ነው። ቤት ሸጦ፣ ሥራ ለቆ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የባሰም አለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፌብሩዋሪ 19፣ 1942 ቁጥር 9066 ትዕዛዝን ፈረሙ። ሰነዱን ብታነቡት «ጃፓናዊ» የሚል ቃል አታገኙበትም። የጦር ሚኒስትሩ ወታደራዊ ቀጠና ከልሎ ሰዎችን ማስወጣት ይችላል ይላል፣ በቃ። በዚያ ወረቀት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1944፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ለመንግሥት ፈረደ። ኮንግረስ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል በሕግ የወሰነው በ1988 ነው። ትዕዛዙ ከተፈረመ 46 ዓመት አልፎት ነበር።