ድምፅ የሌላቸው ተንቀሳቃሽ ምስሎች ለምን የሚሰሙ ይመስላሉ?

ድምፅ የሌለው ተንቀሳቃሽ ምስል የሚያዩ አንዳንድ ሰዎች ጩኸት፣ ሹክሹክታ ወይም የመውደቅ ድምፅ ይሰማቸዋል። ይህ ሕመም አይደለም፤ ተመራማሪዎች በሚገባ የፈተኑት የስሜት ሕዋሳት መደጋገፍ ውጤት ነው።

በስፋት የታወቀው ምሳሌ ሦስት የኤሌክትሪክ ማማዎች ገመድ ሲዘሉ የሚያሳየው ጂአይኤፍ (GIF፣ እየተደጋገመ የሚታይ አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል) ነው። በግራና በቀኝ ዳር ያሉት ማማዎች ሽቦውን ያዞራሉ፣ የመካከለኛው ይዘላል፤ መሬት በነካ ቁጥር ምስሉ በሙሉ ይናወጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ይህ የፋይል ዓይነት ድምፅ መያዝ አይችልም። ሆኖም የግላስጎው ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊሳ ደብሩይን በ2017 መጨረሻ በትዊተር ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ መላሾች «ድው» የሚል ድምፅ እንደሚሰማቸው ገለጹ።

ነገሩ ግን ከዚያ በፊት የተጠና ነው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የአንጎል ተመራማሪዋ ሜሊሳ ሳይንዝ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦችን ለተማሪዎች ሲያሳዩ፣ አንዱ ተማሪ ሌሎቹም ድምፅ ይሰማቸው እንደሆነ ጠየቀ። ሳይንዝ ጥያቄውን በቸልታ አላለፉትም፤ ተመሳሳይ ሰዎችን ፈልገው ከሌላው የአንጎል ተመራማሪ ከክሪስቶፍ ኮክ ጋር በ2008 ጥናት አሳተሙ። የፈተናው ብልሃት የሚደነቅ ነው። ሰው በጆሮው የሰማውን ምት ከሌላ ምት ጋር ማነጻጸር ይቀለዋል፣ በብልጭታ ያየውን ግን ይቸገርበታል። ድምፅ የሚሰማቸው ተሳታፊዎች የብልጭታውን ምት ከሌሎቹ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ለዩ። እንዲህ ያለውን ውጤት በማስመሰል ማግኘት አይቻልም።

የለንደን ሲቲ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክሪስቶፈር ፋስኒጅና ኤሊዮት ፍሪማን በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከ4,000 በላይ ሰዎች ድምፅ አልባ ቪዲዮዎችን ተመልክተው መልስ ሰጡ። ከአምስቱ አንዱ ያህል ድምፅ የሚሰማቸው ነበሩ። የማማዎቹ ምስል ከዚህ የበለጠ ሰው «ማሰማቱ» አያስደንቅም፤ ከባድ ነገር ሲያርፍ ምን እንደሚሰማ ሁሉም ያውቃል፣ በትዊተር የመለሱትም ጉዳዩ የሳባቸው ናቸው።

ስለ ምክንያቱ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ የአንጎል የእይታና የመስማት ክፍሎች እርስ በርስ ይቀሰቃቀሳሉ የሚለው ነው፤ ጠንካራው ይህ ነው። በ1997 የወጣ ጥናት ድምፅ አልባ የከንፈር እንቅስቃሴን ማየት ብቻ የአንጎልን የመስማት ክፍል እንደሚያነቃ አሳይቷል። ሁለተኛው፣ የምስሉ መናወጥ ጆሮን ከኃይለኛ ድምፅ የሚከላከሉትን ጡንቻዎች ሊያኮማትር ይችላል የሚል መላምት ነው።

ክስተቱ እውነተኛውን መስማትም ይነካል። እነ ፍሪማን በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ብልጭታዎች ደካማ ድምፅን ለመለየት እንቅፋት ሆነው ተገኝተዋል።