«ሞተሩ ነዷል» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ኮምፕሬሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጓሮ ውስጥ ቀለም የምነፋባት ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር አለችኝ። አንድ ቀን «እምምም» ብላ ቀረች። የጠራሁት ባለሙያ ገና ሳይፈታት «ሞተሩ ነዷል፣ ይጠቅለል» አለኝ። ሌላ ሰው ሲያያት ችግሩ ካፓሲተር (ሞተሩ ሲነሳ ጉልበት የሚሰጠው ትንሽ ዕቃ) ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፕሬሰር የሚወራውን ሁሉ ማመን ትቻለሁ።

«ካጉረመረመች ተቃጥላለች»

የተቃጠለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሽታው ያስታውቃል። እያጉረመረመ የማይዞር ሞተር ግን መነሻ ጉልበት ያጣ ሊሆን ይችላል። ቶሎ አጥፉት። በእርግጥ የሚቃጠለው እንደዚያ ሲቆይ ነው።

ስፒናውን ንቀሉ። ታንከሩ ስር ባለችው ማፍሰሻ አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡና እንደገና ሞክሩ። ባዶውን ከተነሳ ሞተሩ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ያስቸገረው አየር ሊሆን ይችላል። ባዶውንም እምቢ ካለ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። ማበጥ ወይም ማፍሰስ ምልክቱ ነው፤ ደህና መስሎ የሞተም አለ። አዲሱ ማይክሮፋራዱ (ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው መጠን) እኩል፣ ቮልቱ ከአሮጌው ያላነሰ ይሁን። ደግሞ ስፒናው ተነቅሎም ካፓሲተር ኮረንቲ ይዞ ይቆያል፤ በባዶ እጅ እንዳትነኩት።

«ስፒናውን ከነቀልኩ አጠፋሁት ማለት ነው»

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔም አላውቅም ነበር። ኮምፕሬሰር ሞልቶ ሲቆም (ብዙዎቹ 8 ባር አካባቢ ይቆማሉ) «ትስስ» ይላል። ፕሬዠር ስዊቹ (አየሩ ሲሞላ ሞተሩን የሚያጠፋው) ከፒስተኑ ወደ ታንከር በሚወስደው ቱቦ የቀረውን አየር እየለቀቀ ነው። ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ቀሎት እንዲነሳ የሚያደርገው ይህ ነው።

ስፒናውን ስትነቅሉ ግን ስዊቹ አልተንቀሳቀሰም። አየሩ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። መብራት ድንገት ሲሄድም እንደዚሁ ነው። ሲመጣ፣ በተለይ ደክሞ ከመጣ፣ ሞተሩ ያን ሁሉ አየር ተሸክሞ ሊነሳ ይታገላል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ያለውን ማጥፊያ አጥፉ፤ «ትስስ» ሲል ትሰማላችሁ። ድምፁ አላቆም ካለ ደግሞ ቼክ ቫልቩ (አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ከታንከሩ አየር እየመለሰ ነው። ፈትቶ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ግን ታንከሩ ባዶ መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳትፈቱት።

«ኤክስቴንሽን ያው ገመድ ነው»

አይደለም። ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሞተር በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 10 አምፒር ይወስዳል። ሲነሳ ግን ለቅጽበት አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይስባል። ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ 50 ሜትር ከዘረጋችሁ በዚያች ቅጽበት ገመዱ ብቻውን ከ40 ቮልት በላይ ይበላል። የሞተር መነሻ ጉልበት ደግሞ ቮልት ሲቀንስ ከቮልቱ በፈጠነ ልክ (በቮልቱ ስኩዌር) ይወርዳል፤ ከሲሶ በላይ መነሻ ጉልበት ሄደ ማለት ነው። ራቅ ብላችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ የአየሩን ጎማ አስረዝሙ፣ ገመዱን አሳጥሩ።

«ብሬከሩ ከወደቀ ተለቅ ያለ ማስገባት ነው»

ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። በ16 ቦታ 32 አምፒር ስታስገቡ ማሽኑ አይድንም፣ ሽቦው ይጋያል። ይልቅ ፊቱ ላይ ያለውን ፊደል እዩ። «ቢ» የተባለው ሲነሳ በሚስበው ብቻ ሊወድቅ ይችላል፤ ለሞተር የሚሻለው «ሲ» ነው። አምፒሩ ያው ይሁን።

«ስታቢላይዘር ይገላግላል»

ለቴሌቪዥን የተገዛው? ሞተሩ ሲነሳ የሚስበውን አይችልም፤ እሱ ራሱ ይወድቃል።

«ትንሽ ብትነዝር ምን አለበት»

ታንከሩ ብረት ነው፣ ከሥሩ ውሃ ያፈሳል፣ ወለሉም ይረጥባል። የምትነዝር ከሆነ ወይ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) የለም፣ ወይ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ነክቷል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው። ጫማ አድርጎ መሥራት መፍትሔ አይደለም። ነቅላችሁ አቁሙና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ሲመጣ ማሽኗን ብቻ ሳይሆን የሶኬቱንም ኧርዝ እንዲለካ ንገሩት።