ልብ የወለደው ሥራ፦ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ቀኑን እንዴት ይውላል?

ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ልብ ወለድ) እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ደራሲዎቹ ይሄን ሁሉ ከየት ነው የሚያመጡት? ሲያልሙ ነው እንዴ የሚውሉት?» ይሉኛል። ለጥያቄው «ልብ ወለድ» የሚለው የራሳችን ቃልም ድርሻ ያለው ይመስለኛል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ልብ የወለደው ማለት ነው። ቃሉ ያምራል፤ ስለ ምጡ ግን አይናገርም። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን አመለካከቶች እያነሳሁ ስለ ምጡ ላውራ። ከዚህ በታች ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

«መንፈሱ ሲመጣላቸው ነው የሚጽፉት»

ኡርሱላ ሌ ጉዊን አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ የኖረች ታላቅ የሳይንሳዊ ልብ ወለድና የፋንታሲ ደራሲ ናት። አንድ ጊዜ በቃለ ምልልስ የቀን ውሎዋን ዘርዝራ ነበር። ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ትነቃለች። ወዲያው አትነሳም፤ እዚያው ተኝታ ታስባለች። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነስታ ቁርስ ትበላለች፣ ያውም ጥግብ ብላ። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ መጻፍ ትጀምራለች፤ እስከ 6 ሰዓት ሌላ ነገር የለም። ከምሳ በኋላ ንባብና ሙዚቃ። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ለደብዳቤዎች መልስ ትሰጣለች፣ ምናልባትም ቤት ታጸዳለች። ከዚያ እራት ሠርቶ መብላት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ጭንቅላቷ እንደማይሠራ ተናግራ፣ ስለሱ ባናወራ ይሻላል ብላለች።

እኔ በጣም የወደድኩት ያንን የ11 ሰዓት ተኩሉን ነው። አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ማሰብ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቆጥሮ ገብቷል። ለሚያያት ሰው ስንፍና ሊመስል ይችላል። የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ግን እዚያ ጋ ነበር። ደግሞ ይሄ ውሎ ልጆቿ ካደጉ በኋላ የመጣ ነው። ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ትንንሾች በነበሩበት ጊዜ የምትጽፈው ማታ፣ እነሱን ካስተኛች በኋላ ነበር።

ሌላዋ አሜሪካዊት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር ደግሞ ለጀማሪዎች በጻፈችው ምክር ነገሩን በግልጽ አስቀምጣዋለች። መንፈስ እስኪመጣ መጠበቅን እርሱት፣ ልማድ የበለጠ ይታመናል ትላለች። ይህን የምትለው ከልምድ ነው። ወደዚያው ልሂድ።

«ሥራቸው መጻፍ ብቻ ነው፤ ገንዘብም አላቸው»

በትለር በ1947 ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ተወለደች። እናቷ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴት ነበሩ። እሷም ወጣትነቷን ያሳለፈችው በየቦታው ተቀጥራ ነው። ሳህን አጥባለች። በስልክ ዕቃ ሸጣለች። ፋብሪካ ውስጥ የድንች ቺፕስ እየተቆጣጠረች መጥፎውን ከጥሩው ለይታለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትነሳና ትጽፋለች፤ ሲነጋ ወደ ሥራ ትሄዳለች። እንዲህ ዓይነት ሥራዎችን የምትመርጥበት ምክንያት ነበራት። እጅን እንጂ አእምሮን አይወስዱም። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ የታተመው በ1976 ነው። በ1995 ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጠውን ትልቁን የአሜሪካ ሽልማት፣ ማክአርተርን፣ ስታገኝ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራስያን የመጀመሪያዋ ነበረች። ያኔ ዕድሜዋ 48 ነበር።

የፋንታሲ ደራሲው ቴሪ ፕራቸትም እንግሊዝ ውስጥ ለመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት የፕሬስ ኦፊሰር ሆኖ ሲሠራ፣ ማታ ማታ 400 ቃል እየጻፈ ነው መጻሕፍቱን ያጠራቀመው። 400 ቃል አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው።

የአሜሪካዊውን ደራሲ የሬይ ብራድበሪን ታሪክ ግን ባወራው አልጠግብም። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ስላለች መሥራት አልቻለም። ቢሮ ለመከራየት ደግሞ ገንዘብ የለውም። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፓውል ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የሚከራዩ ታይፖች አገኘ። ታይፑ 10 ሳንቲም ከጎረሰ ግማሽ ሰዓት ይሠራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሌላ ሳንቲም። በ9 ቀን ውስጥ 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም አወጣ። አስሉት፤ 49 ሰዓት ነው። እንዲህ ሳንቲም እየጎረሰ የተጻፈው 25 ሺህ ቃል ገደማ የሆነ ረቂቅ ነበር። መጽሐፍ የሚቃጠልበትን ዓለም የሚተርክ ታሪክ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያዎች ሥር ተጻፈ። በኋላ አስፋፍቶት በ1953 መጽሐፍ ሆነ።

«ፈጠራ ስለሆነ ጥናት አይፈልግም»

እንዲያውም በጣም የሚጠና ነገር ነው። በትለር በ1979 ባሳተመችው ልብ ወለድ በእሷ ዘመን የምትኖር ጥቁር ሴት ባርነት ወደነበረበት ዘመን፣ ወደ አሜሪካዋ ሜሪላንድ ትወሰዳለች። ይህን ለመጻፍ በትለር በረጅም ርቀት አውቶቡስ አገሩን አቋርጣ ሜሪላንድ ድረስ ሄደች። መኪና አትነዳም ነበር። የባሪያ ባለቤቶች ርስት ምን እንደሚመስል ለማየትም የጆርጅ ዋሽንግተንን መኖሪያ ጎበኘች። አስጎብኚዎቹ «ባሪያ» የሚለውን ቃል አያነሱም፤ «አገልጋይ» ነበር የሚሉት። ሰው ታሪኩን በቃል ምርጫ ሲሸፍን በጆሮዋ ሰማች ማለት ነው። ይሄን ከመጽሐፍ አታገኘውም።

ፋንታሲም ከዚህ አያመልጥም። የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ቶልኪን ከካርታ ተነስቶ ነው ታሪኩን በካርታው ልክ ያበጀው። ገጸ ባሕርያቱ በቀን ምን ያህል እንደሚጓዙ ያሰላ ነበር። አንድ ምሽት ሙሉ ጨረቃ ከሆነች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ስንት እንደምትጎድል ያስተካክላል። የሌለ ዓለም ውስጥ ያለች ጨረቃ!

«የወደፊቱን ይተነብያሉ»

ሌ ጉዊን ይሄን በ1976 ለአንድ ልብ ወለዷ በጻፈችው መግቢያ አልተቀበለችውም። ሥራዬ ያለውን ነገር መግለጽ ነው፣ ትንቢት የነቢያት ነው የሚል ነበር ሐሳቧ። ሳይበርስፔስ (በኮምፒውተሮች መረብ ውስጥ ያለ ዓለም) የሚለውን ቃል የፈጠረው ዊልያም ጊብሰን በ1984 የወጣውን ዝነኛ ልብ ወለዱን የጻፈው በኮምፒውተር አይደለም። በእጅ ታይፕ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው። በአማርኛ መጻፍ የሚፈልጉ ልጆችን ሳይጀምሩ ያስቆማል። ሊዩ ሲሺን ቻይና ውስጥ በሻንሺ ግዛት በአንድ የኃይል ማመንጫ የኮምፒውተር ኢንጂነር ነበር። ጎን ለጎን ሲጽፍ ኖሮ በ2015 ለሳይንሳዊ ልብ ወለድና ለፋንታሲ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት በምርጥ ልብ ወለድ ወሰደ፤ ከእስያ የመጀመሪያው ነው። ደራሲዋ ንነዲ ኦኮራፎር ወላጆቿ ናይጄሪያውያን ናቸው። መጻፍ የጀመረችው በ19 ዓመቷ ከጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና በኋላ እግሯ አልንቀሳቀስ ብሎ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ነው። በ2016 እሷም ሁጎን አገኘች።

በትለርም ይሄው ነገር ገና በልጅነቷ ተነግሯታል። አክስቷ ጥቁር ሰው ደራሲ ሊሆን አይችልም አሏት። ከዚያ በፊት በ10 ዓመቷ ታይፕ ግዢልኝ ብላ እናቷን ለምና ነበር። አንዲት የእናቷ ወዳጅ ልጅቷን ታበላሺያታለሽ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ሊጠጣ ነው፣ ገንዘብሽን ከንቱ አታድርጊ ብለው መከሩ። እናትዬው የሰው ቤት እየጠረጉ ነው የሚያድሩት። ግን ገዙላት። የበትለር ረቂቆች፣ ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች ዛሬ ካደገችበት ከፓሳዲና አጠገብ፣ ሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ።