«ዩ.ኢ.» ምንድን ነው? ስለ ሎያሊስት ዘሮች ማኅበርና ስለ ወረቀቶቻቸው

ካናዳ ውስጥ ለዜግነት ፈተና ያጠና ሀበሻ ሁሉ ሎያሊስቶችን አንዴ አግኝቷቸዋል። ማጥኛው መጽሐፍ ላይ ጥቂት መስመሮች ተሰጥተዋቸዋል፤ የአሜሪካን አብዮት ሸሽተው የመጡ፣ ለእንግሊዝ ዘውድ የታመኑ፣ ከ40,000 በላይ ሰዎች። ፈተናው ሲታለፍ መስመሮቹም ይረሳሉ። ኋላ ግን ወደ ኪንግስተን ስትነዱ፣ ሐይቁን ተጠግቶ በሚሄደው መንገድ ላይ «ሎያሊስት ፓርክዌይ» የሚል ምልክት ታያላችሁ። ቤልቪል ከተማ ውስጥ ሎያሊስት ኮሌጅ አለ። አንዳንድ ካናዳዊ ደግሞ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ፊደል ይጽፋል፦ ዩ.ኢ.። የትምህርት ማዕረግ አይደለም። የሥራም አይደለም። ከ200 ዓመት በላይ በዘር የተወረሰ ምልክት ነው። ይህን ምልክት የሚጠብቁት በየከተማው ያሉ የሎያሊስት ዘሮች ማኅበራት ናቸው።

ሎያሊስት ማለት ታማኝ ማለት ነው። ታማኝነቱ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ነበር። በ1775 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) 13ቱ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ፣ ሕዝቡ ሁሉ አብሮ አልተነሳም። ገበሬውም፣ አንጥረኛውም፣ ቄሱም፣ ነጋዴውም ውስጥ ከንጉሡ ጎን የቆመ ነበር። ጦርነቱ ቤት ከፈለ። የታዋቂው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ዊልያም የኒው ጀርሲ አገረ ገዢ ነበር። አባት ለነፃነት ሲታገል ልጅ ለንጉሡ ታመነ፣ ታሰረም። ከዚያ በኋላ ከልብ ሳይታረቁ ሞቱ። የስመ ጥሩው ቤት እንዲህ ከሆነ የተራውን ሰው ቤት አስቡት።

በ1783 የፓሪሱ ውል ጦርነቱን ሲዘጋው እነዚህ ሰዎች አገር አልባ ሆኑ። የብዙዎቹ ርስት ተወርሷል። ትኩስ ሬንጅ ተቀብቶ፣ ላባ ተነስንሶበት በአደባባይ የተዋረደም አለ። ኒው ዮርክ የነበረው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሰር ጋይ ካርልተን መርከብ ሰብስቦ ሰዉን ጫነ። 30,000 ያህሉ ኖቫ ስኮሻ ወረደ። ብዙዎቹ የሰፈሩበት ምዕራባዊው ክፍል በ1784 ተለይቶ ኒው ብረንዝዊክ ተባለ። ሌሎች ጥቂት ሺዎች በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ሽቅብ ወጥተው በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ድንኳናቸውን ተከሉ። ኦንታሪዮ ዛሬም በአርማዋ ላይ የያዘችው መፈክር የነሱ ነው፤ «ታማኝ ሆና ጀመረች፣ ታማኝ ሆና ትኖራለች» እንደ ማለት ነው።

ሁለቱ ፊደላት የመጡት በኅዳር 1789 ነው። ያው ካርልተን፣ አሁን ሎርድ ዶርቼስተር ተብሎ የካናዳ ገዢ ሆኖ፣ አንድ ትእዛዝ አወጣ። ከሰላሙ ውል በፊት ከንጉሡ ሰንደቅ ሥር የቆሙ ሁሉ በመዝገብ ተለይተው ይጻፉ፣ የክብር ምልክትም ይኑራቸው አለ። ፊደላቱ «የግዛቱ አንድነት» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምኅጻር ናቸው። ትእዛዙ ውስጥ ትልቁ ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ምልክቱ ለልጆቻቸውና ለዘር ማንዘራቸው፣ ለወንዱም ለሴቱም ይተላለፋል ይላል። በዚያ ዘመን ሴትን እኩል የቆጠረ ውርስ ብርቅ ነበር። ይህ ቃል የማኅበሩን ሥራ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳቀለለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1914 የካናዳ ፓርላማ በሕግ ያቋቋመው አገር አቀፍ ማኅበር አለ፤ የካናዳ የዩናይትድ ኢምፓየር ሎያሊስቶች ማኅበር ይባላል። ሥራው የሚሠራው ግን በየአካባቢው ባሉ ቅርንጫፎች ነው። አባል ለመሆን ዘር አይጠየቅም፤ ታሪኩን የወደደ ሁሉ ይገባል። ዩ.ኢ. ብሎ ለመጻፍ ግን ሰርተፍኬት ያስፈልጋል። ሰርተፍኬቱ ደግሞ በወሬ አይገኝም።

የእኛ ሰው ዘሩን በቃል ይቆጥራል። ለጋብቻ ሲሆን እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ። እዚህ የሚጠየቀውም ያንኑ የሚያህል ትውልድ ነው፤ ግን በየደረጃው ወረቀት ይቀርባል። እኔ የእናቴ ልጅ መሆኔን፣ እናቴ የአባቷ ልጅ መሆኗን፣ አባቷ የእናቱ ልጅ መሆኑን እያለ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቀለበት ከጎደለ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የዘር ሐረግ አጥኚ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በፈቃደኝነት የሚሠራ ሰው ነው። አመልካቹን አስቀምጦ ፋይሉን አብሮት ይገነባል። ከዚያ ፋይሉ ወደ አገር አቀፉ አጥኚ ሄዶ እንደገና ይመረመራል።

የቅርቡ ዘመን ቀላል ነው። ኦንታሪዮ ልደት፣ ጋብቻና ሞትን መመዝገብ የጀመረችው በ1869 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ነው ጨለማው። የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ይፈለጋል፣ ካልተቃጠለ ወይም ካልጠፋ። የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ይታያል። ኑዛዜ ይገለበጣል፤ አባት ሲሞት «ላገባችው ልጄ ለእንትና ይህን ላም» ብሎ ከጻፈ በአንድ መስመር ሁለት ትውልድ ተያያዘ። የመቃብር ድንጋይም ይነበባል። ላይኛው ጫፍ ላይ ደግሞ የጦር ስም ዝርዝር አለ፤ የጆን በትለር ሬንጀሮች፣ የሰር ጆን ጆንሰን የኒው ዮርክ ክፍለ ጦር የመሳሰሉት።

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ የሴቶቹ ማመልከቻ ነው። ያ የ1789 ውሳኔ ክብር ብቻ አልነበረም፤ መሬትም ነበረው። የሎያሊስት ወንድ ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው፣ ሴት ልጅ ደግሞ 21 ሲሞላት ወይም ስታገባ፣ 200 ኤከር ይሰጣቸው ተባለ። በድሮው የእኛ አለካክ ሁለት ጋሻ ያህል ነው። መሬቱን ለማግኘት ልጅቷ ማመልከቻ ማስገባት ነበረባት። እኔ የሎያሊስቱ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ሚስት ነኝ ብላ። በአንድ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ የባል ስም፣ የራሷ ስም። በሌላው ዓለም የዘር ሐረግ ሲጠና ሴት ስታገባ ስሟ ተቀይሮ ዱካዋ ይጠፋል። እዚህ መሬት ፈልጋ የጻፈችው ወረቀት ዱካዋን አቆየላት። ዛሬ ኦታዋ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እነዚህ ማመልከቻዎች ተቀምጠዋል፤ ስንት ሰው ሰንሰለቱን የሚገጥመው በነሱ ነው።

ፋይሉ የማይቆምለትም አለ። በ1790ዎቹ ነፃ መሬት አለ ሲባል ሰምተው ከአሜሪካ የመጡ ብዙዎች ነበሩ፤ «ዘግይተው የመጡ ሎያሊስቶች» ይባላሉ። በቤተሰብ ወሬ ሁሉም ለንጉሡ የተዋጋ ነው። ወረቀቱ ግን በ1796 መሬት ፈልጎ እንደመጣ ከተናገረ ሰርተፍኬት የለም። ይህን ለአንድ አዛውንት አመልካች መንገር ለቅርንጫፉ አጥኚ ከባዱ ሥራ ይመስለኛል።

እስካሁን ያወራሁት ወረቀት ስላላቸው ነው። ወረቀት እንዳይኖራቸው ስለተደረጉትም መናገር አለብኝ።

ጦርነቱ ላይ እንግሊዞች ከአማፂ ጌቶቹ አምልጦ ወደነሱ የሚመጣ ባሪያ ነፃ ይወጣል ብለው አወጁ፤ መጀመሪያ በ1775 ቨርጂኒያ ላይ፣ ኋላም በ1779 በሰፊው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ቃል አምነው አመለጡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ጆርጅ ዋሽንግተን ንብረታችን ይመለስ አለ። ካርልተን እምቢ አለ፤ ነፃነት ተብሎ የተሰጠ ቃል አይታጠፍም ብሎ። ግን የሚሄዱት ሁሉ በመዝገብ እንዲጻፉ አደረገ። በየረቡዑ ማንሃተን ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት የተሰየመ ቦርድ ክርክሩን ይሰማ ነበር። መዝገቡ 3,000 ያህል ጥቁሮችን ይዟል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ መልክ፣ የቀድሞ ጌታ፣ የተሳፈሩበት መርከብ። ከነሱ አንዱ ሃሪ ዋሽንግተን ነው፣ 43 ዓመት። ከስሙ ጎን የጄኔራል ዋሽንግተን ንብረት የነበረ፣ ከ7 ዓመት በፊት ጥሎት የሄደ ተብሎ ተጽፏል። ይህችን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ያ ጸሐፊ ብዕሩን ሲያነሳ ይታየኛል።

እነዚህ ሰዎች ኖቫ ስኮሻ ውስጥ ከሸልበርን ጎን በርችታውን የምትባል ሰፈር ቆረቆሩ። ስሟ የነፃነት ወረቀታቸውን ከፈረመላቸው ጄኔራል በርች የመጣ ነው። 1,500 ያህል ሆነው ሰፈሩ፤ ብዙዎች የመጀመሪያውን ክረምት መሬት ቆፍረው ጣሪያ ባለበሱት ጉድጓድ ውስጥ አሳለፉት። ነጩ 100፣ 200 ኤከር ሲታደል፣ ለነሱ ወይ ድንጋያማ ቁራጭ ደረሳቸው ወይ ምንም። በሐምሌ 1784 የተበተኑ ነጭ ወታደሮች ሥራችንን በርካሽ ወሰዱብን ብለው ሸልበርን ያሉትን የጥቁሮች ቤቶች አፈረሱ። ቶማስ ፒተርስ የሚባል የቀድሞ ሳጅን አቤቱታቸውን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ሄደ። በጥር 1792 ወደ 1,200 የሚጠጉት በ15 መርከብ ከሃሊፋክስ ተነስተው ሴራሊዮን ገቡ፤ ፍሪታውንንም መሠረቱ። ሃሪ ዋሽንግተን አብሯቸው ነበር።

በርችታውን የቀሩት ዘሮቻቸው የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የጥቁር ሎያሊስቶች ቅርስ ማኅበር። የነሱ ሥራ ከሌሎቹ ይከብዳል። የመሬት ማመልከቻ የለም ማለት ይቻላል፤ የባለሥልጣን ትኩረትም አልነበረም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የአዛውንት ቃል፣ የመቃብር ስፍራ እየለቀሙ ሰበሰቡ። በ2006 ቢሯቸው ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት ተቃጠለ። ለዓመታት የተለቀመው የቤተሰብ ሰነድ አብሮ ሄደ። እጅና እግራቸውን ሰብስበው አልተቀመጡም። እንደገና ሰበሰቡ፣ ገንዘብ አሰባሰቡ፣ በ2015 እዚያው በርችታውን ሙዚየም ከፈቱ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔ ከልቤ የማደንቀው ማኅበር ይህ ነው።

ሞሐውኮችም አሉ፤ ከአገሬው ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። በጆሴፍ ብራንት መሪነት ከእንግሊዝ ጋር ተዋግተው በኒው ዮርክ ያለ አገራቸውን አጡ። በምትኩ በ1784 በግራንድ ወንዝ ግራና ቀኝ 6 ማይል 6 ማይል መሬት በአዋጅ ተሰጣቸው። ከዚያ ምድር ዛሬ በእጃቸው የቀረው 5 በመቶ አይሞላም። ሌላው ክፍላቸው በጆን ዴሰሮንቶ መሪነት በዚያው ዓመት በግንቦት ኩዊንቴ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወረደ፤ ታየንዲናጋ የሚኖሩ ዘሮቻቸው ዛሬም በየዓመቱ መድረሻውን ቀን ያከብራሉ።

የነጮቹ ቅርንጫፎች ለረጅም ዘመን ይህን ሁሉ ዳር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ሎያሊስት ሲባል ቀይ ኮት የለበሰ እንግሊዛዊ ብቻ ይታሰብ ነበር። ባሮቻቸውን እየነዱ የመጡ ሎያሊስቶች እንደነበሩም በግልጽ አይነገርም ነበር። አሁን በስብሰባዎቻቸው ላይ ይወራል፤ መወራቱ ትክክል ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩት ደግሞ ብዙ ነው፤ ተናጋሪ ይጋብዛሉ፣ ጋዜጣ ያዘጋጃሉ፣ የዘመኑን ልብስ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የመቃብር ስፍራ ማጽዳት ግን እንደ ግዴታ ነው። ሙጃው ይታጨዳል፣ የተጋደመው ድንጋይ ይቀናል፣ የሎያሊስት መቃብር መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ይተከላል። ኦንታሪዮ ውስጥ ሰኔ ሲደርስ፣ በፈረንጆቹ ጁን 19፣ የሎያሊስቶች ቀን ነው። በየማዘጋጃ ቤቱ ባንዲራ ይሰቀላል። ባንዲራውን ልብ ብላችሁ እዩት። የእንግሊዝ ይመስላል፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ በሰያፍ የሚሄደው ቀይ መስመር የለበትም። ያ መስመር የአየርላንድ ሲሆን የተጨመረው በ1801 ነው። እነዚህ ሰዎች የተሰደዱት ከዚያ በፊት ስለሆነ ዘሮቻቸው የሚሰቅሉት የዚያን ዘመኑን ነው።

ቦታውን ማየት ለሚፈልግ ሎያሊስት ፓርክዌይን ይዞ አዶልፈስታውን መሄድ ነው። ከግሌኖራ መንደር ወደዚህ ማዶ በነፃ የሚያሻግር ጀልባ አለ፤ መኪናችሁን ጭናችሁ ትሻገራላችሁ። በጁን 16 ቀን 1784፣ ኩቤክ ውስጥ ሶሬል በምትባል ቦታ የከረሙ 250 ያህል ሰዎች በሻለቃ ቫን አልስታይን መሪነት በጀልባ እዚህ ዳር ወረዱ። ከወረዱ ጥቂት ቀን ሳይሞላ አንድ ሕፃን ሞተባቸው። እዚያው አቅራቢያ ቀበሩት። ከዚያ በኋላ የሞተው ሁሉ ከዚያ ሕፃን ጎን ተቀበረ፤ መቃብር ስፍራው የተጀመረው እንዲህ ነው። በመቶኛው ዓመት፣ በ1884፣ የድንጋይ ሐውልት ቆመበት።

ልጃችሁ ሎያሊስት ቤተሰብ ውስጥ አግብቶ ወይም አግብታ ከሆነ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ለዚህ ምልክት መብት ሊኖራቸው ይችላል። በሴትም በወንድም ይወረሳል ተብሏልና የሀበሻ የአባት ስም አይከለክልም። የሚጀመረው ከላይ፣ ከ1783 አይደለም። ቅርንጫፉ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ የልጁን የራሱን የልደት ወረቀት ነው፤ ከዚያ የእናቱን፣ ከዚያ የአያቱን።